ቲነር፡- ስሙ አንድ፣ ዓይነቱ ብዙ

በወልድያ ከተማ ወደሚገኙ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቆች ጎራ ያለ ሰው፣ በተለይ የበዓላት ዋዜማና የሠርግ ወራት ሲቃረቡ፣ አንድ የተለመደ ንግግር መስማቱ አይቀርም። ገዢው «ልጄ፣ አንድ ሊትር ቲነር ስጠኝ» ይላል። ሻጩ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ከሆነ ዕቃውን ከመደርደሪያ ከማውረዱ በፊት «ለምን ዓይነት ቀለም ነው ጋሼ?» ሲል መልሶ ይጠይቃል። ገዢው በጥያቄው ግር ይሰኛል፤ ለእርሱ ቲነር ቲነር ነው። ይሁን እንጂ የቀለሙ ማማርም ሆነ መበላሸት፣ አልፎ ተርፎም የቤተሰቡ ደኅንነት የሚወሰነው ለዚህች አጭር ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ወልድያና ከእርሷ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ቲነር የዕለት ተዕለት ሸቀጥ ነው። የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ ወጣቶች ይጠቀሙበታል። ቁም ሣጥንና አልጋ የሚያመርቱ የእንጨት ሥራ ቤቶች ያለ እርሱ አይውሉም። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚያመራው አውራ ጎዳና የሚመላለሱ ተሽከርካሪዎችን የሚያድሱ ጋራዦችም እንዲሁ። በ2013 ዓ.ም ማብቂያና በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት በአካባቢው በነበረው ጦርነት ጉዳት የደረሰባቸው ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት ሲጠገኑም ቀለምና ቲነር ከሚፈለጉት ዕቃዎች መካከል ነበሩ።

ይህን ያህል የተለመደ ቢሆንም የቃሉን ትርጉም፣ የዕቃውን ዓይነትና ትክክለኛ አጠቃቀሙን ለይቶ የሚያውቀው ተጠቃሚ ብዙ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ቲነር የሚለው ስም ከምን እንደመጣ፣ ምን ምን ዓይነት ፈሳሾችን እንደሚያመለክትና በስሙ መደባለቅ ምክንያት ሊከተል የሚችለውን ጉዳት ለአንባቢያን ማስረዳት ነው።

የቃሉ ትርጉም

ቲነር ከእንግሊዝኛ ቋንቋ የተወሰደ ቃል ሲሆን ትርጉሙም «የሚያቀጥን» ወይም «ማቅጠኛ» ማለት ነው። በአገራችን የጓዳ ቋንቋ ወጥ ወፈረ፣ ወጥ ቀጠነ እንደሚባለው ሁሉ ቀለምም ይወፍራል፣ ይቀጥናል። የወፈረ ቀለም በብሩሽ ሲቀባ መስመር መስመር እየሠራ ይቀራል፤ በመርጫ መሣሪያም አልወጣ ይላል። ቲነር እንዲህ ያለውን ቀለም አቅጥኖ በቀላሉ እንዲቀባ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቃሉ የሥራ ስም እንጂ የአንድ የተወሰነ ንጥረ ነገር ስም አለመሆኑ ነው። ነገሩን «ማጣፈጫ» ከሚለው ቃል ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ጨውም ማጣፈጫ ነው፤ መከለሻም ማጣፈጫ ነው፤ ስኳርም እንዲሁ። ወደ ሱቅ ሄዶ «ማጣፈጫ ስጠኝ» የሚል ሰው ቢኖር ባለ ሱቁ ለወጥ ነው ወይስ ለሻይ ብሎ መጠየቁ ግድ ነው። ለሻይ የተባለው በወጥ ላይ ቢጨመር ወጡ አይበላም። የቲነርም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

በአማርኛ በተዘጋጁ የሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት ስኳር በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ስኳሩ «ሟሚ»፣ ውሃው «አሟሚ»፣ ከሁለቱ የሚገኘው ድብልቅ ደግሞ «ሙሙት» ይባላል። በዚህ አነጋገር ቲነር አሟሚ ነው። ቀለም በዋናነት ሦስት ነገሮችን የያዘ ነው። አንደኛው መልክ የሚሰጠው ዱቄት፣ ሁለተኛው ዱቄቱን ከግድግዳው፣ ከብረቱ ወይም ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ማያያዣ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን በፈሳሽነት የሚያቆየው አሟሚ ነው። ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ዱቄቱና ማያያዣው በቦታቸው ሲቀሩ አሟሚው ተንኖ ይሄዳል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ቀለም «ደረቀ» የሚባለው በቅድሚያ አሟሚው ከውስጡ በመውጣቱ ነው። ከሱቅ የተገዛው አንድ ሊትር ቲነር በበሩ ላይ አይቀርም፤ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ አየር ይገባል። ሥራው የተከናወነው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነ ያ አንድ ሊትር ፈሳሽ ቀቢውና የቤቱ ሰዎች በሚተነፍሱት አየር ውስጥ አለ ማለት ነው።

አኳራጃ፡- የሙጫ ውሃ

በዕድሜ ገፋ ያሉ ቀለም ቀቢዎችና መካኒኮች ከቲነር ይልቅ «አኳራጃ» ወይም አሳጥረው «አኳራጅ» የሚለውን ስም ይጠቀማሉ። ይህ ቃል የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ስቱኮና ማስቲሽ የተሰኙት የጋራዥና የግንባታ ቃላትም የዚሁ ቋንቋ ውርሶች ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው የፋሽስት ጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአገሪቱ በቀሩ ጣሊያናውያን ባለሙያዎች አማካይነት የመካኒክነት፣ የግንበኝነትና የቀቢነት ቃላት በብዛት ወደ አማርኛ ገብተዋል። የቤት እመቤቶች ልብስ የሚያነጹበት በረኪናም በስሙ የጣሊያንኛ ዝርያ ነው።

አኳራጃ ሁለት ቃላት የተጣመሩበት ስያሜ ነው። «አኳ» ውሃ ማለት ሲሆን «ራጃ» ደግሞ እንደ ጥድ ካሉ ዛፎች የሚፈስ ሙጫ ነው። በመሆኑም ስሙ በቀጥታ ሲፈታ «የሙጫ ውሃ» ይሆናል። የጥንት አውሮፓውያን ቀማሚዎች በእሳት ተንኖ፣ ተኑ መልሶ ቀዝቅዞ የሚገኘውን ንጹሕ ፈሳሽ ሁሉ «ውሃ» እያሉ ይጠሩት ነበር። የአረቄ ዓይነት የሆነውን መጠጥ ጣሊያናውያን «የሕይወት ውሃ» የሚል ትርጉም ባለው ስም መጥራታቸውም ከዚሁ ልማድ የመጣ ነው።

የመጀመሪያው አኳራጃ በእርግጥም ከሙጫ የሚወጣ ነበር። ከጥድ ወገን የሆነው ፓይን የተሰኘው ዛፍ ግንዱ ይበሳና የሚፈሰው ሙጫ ይሰበሰባል፤ ከዚያም እናቶቻችን አረቄ በሚያወጡበት ዘዴ በእሳት ተንኖና ቀዝቅዞ ፈሳሹ ይለያል። ይህ ፈሳሽ በእንግሊዝኛ ቴርፔንታይን ይባላል፤ ስሙም በሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ ከሚበቅል ሌላ ሙጫ ሰጪ ዛፍ የግሪክኛ መጠሪያ የተገኘ ነው። ሠዓልያን የዘይት ቀለማቸውን ሲያቀጥኑበት የኖሩት በዚህ ፈሳሽ ነው።

ነዳጅ ዘይት በስፋት መመረት ከጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚገኝ ርካሽ ፈሳሽ የቴርፔንታይንን ቦታ ያዘ። እንግሊዞች ይህን ፈሳሽ ዋይት ስፒሪት፣ አሜሪካውያን ሚኒራል ስፒሪትስ ሲሉት ጣሊያናውያን ግን የድሮውን ስም ሳይለቁ «የማዕድን አኳራጃ» አሉት። ስለዚህ ዛሬ በሱቆቻችን አኳራጃ ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ በስሙ የሙጫ ውሃ ይባል እንጂ በተፈጥሮው የነዳጅ ወገን ነው። የሚፈላበት የሙቀት መጠን ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በመሆኑ በቤንዚንና በናፍጣ መካከል ይመደባል፤ ለላምባ የቀረበ ዘመድ ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ልዩ ልዩ ፈሳሾች

እንግዲህ በገበያ ላይ ቲነር ተብለው የሚሸጡት ፈሳሾች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ሲንተቲክ ቲነር የሚባለው ሲሆን ዋና ይዘቱ ከላይ የተገለጸው አኳራጃ ነው። አገልግሎቱም ለብረት በርና መስኮት፣ ለፀረ ዝገት ቅብና ለቫርኒሽ ለሚውሉ የዘይት ወይም ሲንተቲክ ቀለሞች ነው። ሽታው የላምባን ሽታ ያስታውሳል፤ የሚተነውም ቀስ እያለ ነው።

ሁለተኛው ናይትሮ ቲነር ይባላል። ይህ አንድ ንጥረ ነገር ሳይሆን እንደ ቶሉይንና አሴቶን ያሉ ብርቱ አሟሚዎች፣ እንዲሁም ልዩ ልዩ አልኮሎች የተቀላቀሉበት ነው። የሚያገለግለው ለተሽከርካሪ ቀለምና ለቤት ዕቃ ማንጸባረቂያ ለሚውሉ በመርጫ ለሚረጩ ናይትሮ ቀለሞችና ላኮች ነው። ሽታው የሚሰነፍጥ ሲሆን እጅ ላይ ጠብ ሲል ወዲያው ቀዝቅዞ ይጠፋል።

በዚህ ላይ አንድ ሦስተኛ ቲነር ቢጨመር ስህተት አይሆንም፤ እርሱም ውሃ ነው። ለግድግዳ የሚቀባው የፕላስቲክ ቀለም ማቅጠኛው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ብሩሹም የሚታጠበው በውሃ ነው። የፕላስቲክ ቀለም ገዝቶ ለዚያው ሥራ ቲነር የሚጠይቅ ደንበኛ ገንዘቡን በከንቱ ከማውጣቱም በላይ ቀለሙን እንዲቋጠር ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ የሚሆንበት ምክንያት ቀላል ነው። አሟሚ የሚያሟሟው በባሕርዩ የሚመስለውን ነው። ቅቤ የነካው እጅ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ እንደማይጠራ ማንኛዋም እናት ታውቃለች፤ ጨው ደግሞ በዘይት ውስጥ ቢያሹት አይሟሟም። የዘይት ቀለም ማያያዣው ቅባታማ በመሆኑ አኳራጃን ይስማማል። የናይትሮ ላክ ማያያዣ ግን ከጥጥና ከመሳሰሉት የሚሠራ በመሆኑ ብርቱ አሟሚ ይሻል።

በስህተት የሚደርስ ኪሣራ

አንድ ባለሙያ ናይትሮ ላክ ውስጥ አኳራጃ ቢጨምር ላኩ ሊሟሟ ስላልቻለ እንደ ተቋጠረ ወተት ይሆናል፤ ዕቃው ከነላኩ መጣል ነው። በተቃራኒው ሲንተቲክ ቀለምን በናይትሮ ቲነር ያቀጠነ ሰው መጀመሪያ ላይ ቀለሙ ፈጥኖ የደረቀ ስለሚመስለው ይደሰታል። ሁለተኛውን ቅብ ሲደግም ግን ብርቱው አሟሚ በግማሽ የደረቀውን የመጀመሪያ ሽፋን ሰርስሮ በመግባት ያሳብጠዋል። በዚህ ጊዜ ቅቡ በፈላ ወተት ላይ እንደሚረጋ ስልባቦት ይኮማተራል። መድኃኒቱም ፍቆ እንደገና መጀመር ብቻ ነው። በቀን ገቢ ለሚተዳደር አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት የአንድ በር ቀለም መበላሸት የቀናት ድካምን የሚያሳጣ ኪሣራ ነው።

መጠኑም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻዋል። በብሩሽ ለሚቀባ ሲንተቲክ ቀለም በአብዛኛው ከመቶ አምስት እስከ አሥር እጅ፣ ማለትም ለአንድ ሊትር ቀለም ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ቲነር ይበቃል፤ ትክክለኛው መጠን በጣሳው ላይ የሰፈረው የአምራቹ መመሪያ ነው። ቀለም እንዲበረክት በሚል ምክንያት ቲነር ማብዛት በብዙዎች ዘንድ ይታያል። ይሁን እንጂ ቲነሩ ተንኖ የሚጠፋ በመሆኑ የሚቀረው ቅብ ስስ ይሆናል፤ ብረቱንም ከዝገት አይከላከልም። ቀለም በቲነር አይበረክትም፤ ይሳሳል እንጂ።

የአየር ንብረትም የራሱ ድርሻ አለው። ከወልድያ ዝቅ ብላ በምትገኘውና ሞቃት በሆነችው መርሳ ቲነር ፈጥኖ ይተናል። በቀትር ፀሐይ የሚሠራ ቀቢ ቀለሙ እየወፈረ ሲያስቸግረው ደጋግሞ ቲነር ለመጨመር ይገደዳል። ሥራውን ወደ ማለዳ ወይም ወደ አመሻሽ ማዛወር ከዚህ ወጪ ያድናል። በክረምት ወራት ደግሞ ሌላ ችግር ይከሰታል። ናይትሮ ቲነር ፈጥኖ ሲተን የተረጨውን ገጽ ስለሚያቀዘቅዘው በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት እንደ ጤዛ ያርፍበታል፤ ላኩም ጉም እንደለበሰ መስተዋት ነጭ ይሆናል። በዝናብ ሰዓት ላክ አለመርጨት ይህን ያስቀራል።

ቲነር ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲወደድ ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ላምባ መተካትም የተለመደ ስህተት ነው። ናፍጣና ላምባ ሙሉ በሙሉ ስለማይተኑ ቅባታቸው በቅቡ ውስጥ ይቀራል፤ ቀለሙም ቀናት ቢቆጠሩ እንኳ እጅ ላይ ይነካል። ቤንዚን በበኩሉ ከአኳራጃ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ እሳት የሚይዝ ከመሆኑም ሌላ ካንሰር እንደሚያስከትል የተረጋገጠው ቤንዚን የተሰኘው ኬሚካል፣ በአንዳንዶች አጠራር ቤንዞል፣ በውስጡ ይገኛል። ለቀለም ሥራም ሆነ ለእጅ መታጠቢያ ፈጽሞ ሊውል አይገባውም።

ከቡናው ከሰል እስከ ብየዳው ፍንጣሪ

ቲነሮች ሁሉ እሳት ይይዛሉ፤ ነገር ግን እኩል አይደሉም። አኳራጃ በአብዛኛው እሳት ሊይዝ የሚችል ተን የሚያወጣው ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ነው። የናይትሮ ቲነር ዋና ይዘት የሆነው ቶሉይን ግን በ4 ዲግሪ ገደማ፣ አሴቶን ደግሞ ከዜሮ በታች ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ እንኳ እሳት የሚይዝ ተን ያወጣሉ። ይህም ማለት ናይትሮ ቲነር በወልድያ የሌሊት ብርድም ሆነ በመርሳ የቀን ሙቀት ሁልጊዜ ለመቀጣጠል የተዘጋጀ ነው ማለት ነው። ስሙ አንድ በመሆኑ ብቻ ሁለቱን በእኩል ጥንቃቄ መያዝ የሚያዘናጋውም ለዚህ ነው።

ሌላው አደገኛ ጠባዩ የተኑ ክብደት ነው። የቲነር ተን ከአየር ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ይከብዳል። በመሆኑም እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይሄዳል። የበዓል ዋዜማን እናስብ። አባወራው የሳሎኑን በር በሲንተቲክ ቀለም እየቀባ ነው። ክዳኑ የተከፈተው የቲነር ዕቃ ከአጠገቡ ተቀምጧል። በዚያው ክፍል ከሰሉ ተያይዞ ቡና ይቆላል፤ ዕጣን ይጨሳል። በወሎ ቤት ቡና ሳይፈላ አይዋልም። ይሁን እንጂ የከሰሉ ምድጃ የሚቀመጠው ተኑ በሚሳብበት በዚያው ወለል ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ቀለም በሚቀባበት ቀን ቡናው ከቤት ውጭ ቢፈላ የሚጎድል ወግ የለም።

በብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ደግሞ ብየዳና የቀለም ርጭት ጎን ለጎን ይካሄዳሉ። የብየዳ ፍንጣሪ ሜትሮችን አቋርጦ ሊያርፍ ስለሚችል ሁለቱ ሥራዎች በቦታ ወይም በሰዓት መለየት አለባቸው። እሳት ከተነሣ በቲነር ላይ ውሃ መድፋት አይገባም፤ አኳራጃ ከውሃ የቀለለ በመሆኑ እየተንሳፈፈ እሳቱን ይዞ ይሰፋል። አሸዋ፣ አፈር፣ እርጥብ ብርድ ልብስ ወይም ለነዳጅ እሳት የተዘጋጀ ማጥፊያ መጠቀም ይገባል። ሥራ በሚጀመርበት ጊዜ አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብ ማስቀመጥ ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።

ጤናን የሚጎዳው በምን መንገድ ነው?

የቲነር ተን በትንፋሽ ወደ ሳንባ ገብቶ ከዚያ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ይደርሳል። በመጀመሪያ የሚታዩት ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና እንደ ስካር ያለ ስሜት ናቸው። እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ሥራውን አቋርጦ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ያስፈልጋል። ለዓመታት ያለ ጥንቃቄ የሠራ ሰው ደግሞ የመርሳት፣ የድካምና ትኩረት የማጣት ችግር ሊገጥመው ይችላል። በስካንዲኔቪያ አገሮች እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ ይኸው ሕመም በቀለም ቀቢዎች ላይ ተጠንቶ ከሥራ ጋር የተያያዘ በሽታ ለመሆን በቅቷል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ በ1989 የቀለም ቀቢነትን ሙያ ካንሰር ከሚያስከትሉ የሥራ ሁኔታዎች ተርታ መድቦታል።

በብዙ ሠራተኞች ዘንድ ከቀለም ሥራ በኋላ ወተት መጠጣት የገባውን መርዝ ያጥባል የሚል እምነት አለ። ወተት ገንቢ ምግብ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ዳሩ ግን ወተቱ የሚሄደው ወደ ጨጓራ፣ ተኑ ደግሞ የሄደው ወደ ሳንባና ወደ ደም ነው። ሁለቱ አይገናኙም። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የተለመደው የጨርቅ ጭምብልም የቲነርን ተን አያስቀርም፤ ይህን ሊያስቀር የሚችለው ለኬሚካል ተን ተብሎ የተሠራ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ነው። እርሱ በማይገኝበት ቦታ ዋነኛው መከላከያ ነፋስ ነው። በርና መስኮት ከፍቶ፣ ከተቻለም ዕቃውን ወደ ደጅ አውጥቶ መቀባት ይገባል። ነፍሰ ጡር ሴቶችና ሕፃናት በቦታው መገኘት የለባቸውም። አዲስ የተቀባ የመኝታ ክፍልም ሆነ የመማሪያ ክፍል ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በሚገባ ሳይናፈስ ሰው ሊገባበት አይገባም።

እጅን በቲነር መታጠብም ሌላው መታረም ያለበት ልማድ ነው። ቲነር ቀለሙን ብቻ ሳይሆን የቆዳን ተፈጥሯዊ ቅባት ጭምር አጥቦ ይወስዳል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጥቂት የምግብ ዘይት እጅ ላይ አሽቶ በጨርቅ ከጠረጉ በኋላ በሳሙና መታጠብ ሲንተቲክ ቀለምን በሚገባ ያስለቅቃል። ብሩሽ የታጠበበትን ቲነርም ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ መድፋት አይገባም። በተለይ እንደ ሀብሩ ባሉ በመስኖ አትክልትና ፍራፍሬ በሚለማባቸው ወረዳዎች ቦዩ ሄዶ የሚያርፈው በማሳ ላይ ነው። ያገለገለውን ቲነር ዘግቶ ቢያሳድሩት ዝቃጩ ወደ ታች ስለሚቀር ከላይ የጠለለው ለሌላ ጊዜ ብሩሽ ማጠቢያ ይሆናል።

በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አደጋ

ከሁሉ የከፋው አደጋ የሚመጣው ግን ከሥራው ሳይሆን ከአቀማመጡ ነው። ቲነር በችርቻሮ ሲሸጥ በአብዛኛው የሚቀዳው ባዶ በሆነ የውሃ ጠርሙስ ነው። ይህ ጠርሙስ በአገራችን «ሃይላንድ» ይባላል። ሃይላንድ በመጀመሪያ የአንድ የታሸገ ውሃ የንግድ ስም ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን የማንኛውም ፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ሕፃን ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ከውሃ በቀር ሌላ ነገር ሊታሰበው አይችልም። አኳራጃ ደግሞ እንደ ውሃ ኩልል ያለ ነው። በስሙ ውሃ፣ በመልኩ ውሃ፣ በጠርሙሱም ውሃ የሆነ ነገር በአልጋ ሥር ወይም በመስኮት ደፍ ላይ ተቀምጦ፣ የጠማው ልጅ ቢያነሣው ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ልጅ ቲነር ወይም ላምባ ጠጥቶ ሲገኝ ብዙዎች በድንጋጤ ጣት አስገብተው ያስመልሳሉ፤ አለዚያም ወተት ይግታሉ። ሁለቱም አይመከሩም። እነዚህ ፈሳሾች ዋናውን ጉዳት የሚያደርሱት ጨጓራ ውስጥ ሳይሆን ጥቂት ጠብታ እንኳ ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። በማስመለስ ጊዜ ፈሳሹ በጉሮሮ በኩል ዳግም ስለሚያልፍ ወደ ሳንባ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል፤ ከባድ የሳንባ ቁስለትም ሊያስከትል ይችላል። ትክክለኛው እርምጃ ሳያስመልሱ ልጁን ፈጥኖ ወደ ቅርብ የጤና ተቋም መውሰድ፣ ዕቃውንም ለሐኪሙ ለማሳየት አብሮ መያዝ ነው። ልጁ ደኅና መስሎ ቢታይ እንኳ ሳልና የትንፋሽ መፍጠን ከሰዓታት በኋላ ሊመጡ ስለሚችሉ መዘናጋት አይገባም።

መከላከያው ከሕክምናው እጅግ የቀለለ ነው። ቲነር በፋብሪካ ዕቃው፣ ከነጽሑፉ መግዛት ይመረጣል። በዕቃው ላይ የሚታዩት ቀይ ጠርዝ ያላቸው ባለ አራት ማዕዘን ምልክቶችም ትርጉም አላቸው፤ የነበልባል ሥዕል እሳት መያዙን፣ በሰው ደረት ላይ ኮከብ የመሰለ ሥዕል ደግሞ በውስጥ አካል ላይ ጉዳት ማድረሱን ያመለክታል። በችርቻሮ መግዛት ግድ ከሆነም ለውሃ ባልዋለ የብረት ቆርቆሮ ተቀድቶ «ሲንተቲክ ቲነር» ወይም «ናይትሮ ቲነር» የሚል ጽሑፍ በአማርኛ ሊለጠፍበትና ልጅ በማይደርስበት፣ በተቆለፈ ቦታ ሊቀመጥ ይገባል። ማንበብ ለማይችሉ የቤተሰብ አባላትም ምንነቱን በቃል መንገር አይዘንጋ። ባለ ሱቆችም ቢሆኑ ቲነርንና ማስቲሽን ለሕፃናት ከመሸጥ መቆጠብ ይጠበቅባቸዋል፤ በከተሞቻችን ጎዳና ላይ የሚኖሩ ልጆች ማስቲሽ ሲያሸቱ የሚታዩት በዚሁ አንጎልን በሚያደነዝዝ የአሟሚ ተን ምክንያት ነውና።

በአጠቃላይ ቲነር የሚለው ስም ፈሳሹ የሚሠራውን እንጂ ምንነቱን አይነግረንም። ምንነቱን ለማወቅ መጠየቅና በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ወደ ቀለም መሸጫ ሱቅ የሚሄድ ሰው ቀለሙ የተገዛበትን ጣሳ ይዞ ቢሄድ ወይም «ለሲንተቲክ የሚሆን»፣ «ለናይትሮ የሚሆን» ብሎ ለይቶ ቢጠይቅ ከኪሣራም ከአደጋም ይድናል። ሻጩም «ለምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብሎ መጠየቁን እንደ ንግድ ወግ ሳይሆን እንደ ኃላፊነት ቢቆጥረው መልካም ነው። በዚህ ሳምንት ቤቱን ለማስዋብ የሚያስብ አንባቢም ከሁሉ በፊት በቤቱ ውስጥ ያሉትን ሃይላንዶች ከፍቶ ቢያሸት አይከፋም።